እማዬ ጠበል ገብታለች

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ ይህን ከመጀመሪያው ተናግሬ ልገላገል። እናቴ «የአንቺ ምጥ የያዘኝ በርበሬ ስቀነጥስ ነው፣ ከዚያ ነው ያመጣሽው» ትለኝ ነበር። ሀና ማርያም ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሰው ለቢሮ የሚያስገባውን ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ የውሃ ቆጣሪ፣ የይዞታ ካርታ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የባልና ሚስት ጠብ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ጉዳዩ» ብዬ ጀምሬ «በትሕትና እጠይቃለሁ» ብዬ ጨርሻለሁ። ለሰው ስጽፍ ቁጣዬን ደጅ ትቼ ነው የምገባው። የራሴ ጉዳይ ሲመጣ ግን አልሆነልኝም።

ጉዳዩ ታናሽ እህቴ ናት። አረብ አገር ሰው ቤት ልትሠራ ከሄደች አራት ዓመት ሊሆናት ነበር። አሠሪዎቿ ገና ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲቀበሏት ፓስፖርቷን ወሰዱ፤ ወስደው አስቀሩት። በኋላ ነገሩ ሲከፋ፣ ከቤት እንዳትወጣ ሲከለክሏትና እጃቸውንም ማንሳት ሲጀምሩ፣ የቤት ልብሷን እንደለበሰች ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ በዚያው ሄደች። ከአገሯ ልጆች ተጠግታ ጥቂት እንደቆየች መንገድ ላይ ተያዘች። ያስገቧት ወደየአገራቸው የሚባረሩ ሰዎች ተዘግቶባቸው የሚጠብቁበት ግቢ ነው። «ማቆያ» ይሉታል። ለሰሚው ሻይ እየጠጡ ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ይመስላል።

የገባችው ሰኔ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የደወለችልን ቀን የነገረችኝን አልረሳውም። አንድ አዳራሽ ነው፤ ፍራሹ ስለማይበቃ ሴቶቹ በፈረቃ ይተኛሉ። መጸዳጃው ሁለት ነው፣ አንዱ ተደፍኗል። ምግብ በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ጠዋት ዳቦ፣ ማታ ሩዝ። ሲታደል ያልበላ ቀረበት፤ ማስቀመጥ ስለማይፈቀድ ዘበኞቹ እየዞሩ የተረፈውን ይሰበስባሉ። ስልክ ክልክል ነው። ከታሳሪዎቹ አንዷ ደብቃ ያስገባችው አንድ ስልክ ግን ነበር፤ እሱ በሳምንት አንዴ ተራዋ ሲደርስ ለሦስት ደቂቃ ይሰጣታል። «ምን ብለው ነው የያዙሽ? ፍርድ ቤት የምትቀርቢው መቼ ነው?» ስላት ሳቀችብኝ።

«የምን ፍርድ ቤት፣ እትዬ? እኛ ወንጀል የለብንም እኮ። ወንጀል ያለባቸውማ የሚፈቱበትን ቀን ያውቃሉ» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። የሰው ኪስ የገባ ሌባ እንኳ ዳኛ ፊት ይቆማል፣ «ይህን ያህል ዓመት» ተብሎ ይቆረጥለታል፣ እሱም ግድግዳ ላይ እያሰመረ ይቆጥራል። እህቴ ግን የሰው ልጅ ያሳደገች፣ የሰው ሽንት ቤት ያጠበች፣ የመጨረሻ ደሞዟን እንኳ ሳትቀበል የወጣች ሴት ናት። ፓስፖርቷን የቀማው ሰውዬ ቤቱ ተኝቶ፣ የተቀማችው ተዘጋባት። ይህን ሕግ ብሎ የሚጠራ ሰው ካለ እንዲያስረዳኝ እፈልጋለሁ።

ለመውጣት የሚያስፈልጋት አንድ ወረቀት ነበር። ፓስፖርት ስለሌላት ኢትዮጵያዊት መሆኗ ከዚህ ተረጋግጦ ይላካል፤ ያ ሲደርስ የመሳፈሪያ ወረቀት ይሰጧትና ትመጣለች። ነገሩ ይኸው ነው። እዚያ ኤምባሲ ውስጥ ያሉት የእኛ ሰዎች ጋ ስደውል ስልኩ ይጠራል እንጂ አይነሳም። አንድ ቀን ተነሣና «ከአገር ቤት ደብዳቤ ካልመጣ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም» ተባልኩ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ደብዳቤውን የሚጽፍ አንድ ቢሮ አለ፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ማመልከቻ ጻፍኩ። ለሌላ ሰው በአራት መስመር የምጨርሰውን ሁለት ገጽ ሞላሁት። መጨረሻው ላይ «በትሕትና» የሚለውን አላስገባሁም፤ ሆን ብዬ ነው። ተቀባዩ ሰውዬ አንብቦ መልሶ ገፋልኝ። «አጻጻፉ ሥርዓት የለውም እህቴ፣ አስተካክለሽ ነይ» አለኝ። እኔን፣ ግማሽ ሰፈሩ የሚያስጽፈኝን። ተመልሼ ቃሏን ጨመርኩና አስገባሁ። «በትሕትና» ብቻዋን አንድ ሳምንት በላች።

ቀጥሎ «ወላጅ በአካል ቀርቦ አሻራ ይስጥ» አሉ። አባታችን ገና ልጆች ሳለን ነው ያረፈው። እናታችን ደግሞ ስኳር ኩላሊቷን ጎድቶት፣ እግሯ አብጦ፣ ከአልጋዋ እስከ በር ለመድረስ ሁለት ጊዜ የምታርፍ ሴት ነበረች። ነሐሴ ውስጥ ዝናቡ ሳያባራ ባጃጅ ላይ ጭኜ ወሰድኳት። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። ለራሳቸው ጉዳይ የመጡ ሁለት ሰዎች ከነወንበሩ ተሸክመው አወጡልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። ላይ ስንደርስ ሠራተኛዋ ምሳ ወጥታለች። ሁለት ሰዓት ጠበቅናት።

ስትመጣ እማዬ ጣቷን ቀለም እያስነካች «ልጄ ምን አጥፍታ ነው፣ የኔ እናት?» አለቻት። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም። «ምንም አላጠፋችም እማማ፣ ወረቀት ነው የጎደላት» አለች።

እማዬ ቀና ብላ አየቻት። «እንግዲያው ወረቀቱን ስጧታ» አለች።

አልሰጧትም። ሲስተም የለም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ፋይሉ ወደ ሌላ ክፍል ተመርቷል። ሰኞ ተመለሺ። ሰኞ ስመለስ የሰኞው ሰው ፈቃድ ወጥቷል። እኔ ሱቄን ዘግቼ እመላለሳለሁ፤ እህቴ ደግሞ በየሳምንቱ ደውላ «ዛሬም ስማቸው የተጠራ ሴቶች ሄዱ፣ የኔ አልተጠራም» ትለኛለች። ከዚያ «እማዬን ስጪኝ» ትላለች። ከሦስቱ ደቂቃ ሁለቱ የእማዬ ነበሩ። ስለ አዳራሹ አንድም ቃል አትነግራትም፤ «በልተሻል ወይ? መድኃኒትሽን ወስደሻል ወይ?» ብቻ ነው። እማዬም ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች፣ መስመሩ ከተቋረጠም በኋላ ትንሽ ትቆያለች። ጳጉሜን እንዲህ አለፈ፤ መስከረምም እንዲሁ።

ጥቅምት በገባ በሳምንቱ እማዬ ሞተች። ጠዋት ነው። የመጨረሻ ቃል ምናምን የሚባል ነገር አልነበረም፤ ውሃ ጠየቀችኝ፣ ይዤላት ስመለስ አልቃለች።

ቀብር ውለን በተመለስን ማግስት አጎቴ ድንኳኑ ጥግ ጠራኝ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ፉሪ ተወልዶ ፉሪ ያረጀ፣ ያርስ የነበረበት መሬት ላይ ዛሬ የሰው ፎቅ የቆመበት፣ ቤተሰቡ በሙሉ አፉን የሚያይ ሽማግሌ።

«ለልጅቷ እንዳትነግሪያት» አለኝ።

«ጋሼ፣ እናቷ እኮ ናት።»

«እናቷ ስለሆነች ነው። መርዶ ለብቻው ለተቀመጠ ሰው አይነገርም። ማን ይይዛታል? ማን ያላቅሳታል? ሰው አገር፣ እስር ቤት ሆና፣ በራሷ ላይ አንድ ነገር ብታደርግስ? መጀመሪያ አገሯ ትግባ።»

የእድሩ ዳኛ ራሱን ነቀነቀ፤ የእማዬ የንስሐ አባትም ነቀነቁ። ወጋችን ነው። እዚሁ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው እንኳ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፈው ሰው በግራ በቀኝ ቆሞለት ነው። እኔም ልክ ናቸው አልኩ። ተገድጄ ነው ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው።

በሠልስቱ ዕለት ደወለች። ስልኩን ይዤ ከድንኳኑ ወጣሁ፤ ከኋላዬ ግን ሳህን ይንኳኳል፣ ሰዉ ይተራመሳል።

«ምንድነው ጫጫታው?» አለችኝ።

«ሰርግ ነው፣ ጎረቤት» አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ደስ አላት። «ማን አገባች?» አለች። አዲስ ተከራይ ናት፣ አታውቂያትም ብዬ ሙሽራ ፈጠርኩላት። ነጠላዬ ላይ ገና የቀብሩ አፈር ነበረበት።

«እማዬን ስጪኝ።»

«እማዬ ጠበል ገብታለች። ሁለት ሱባዔ ነው፤ እዚያ ስልክ አይፈቅዱም።»

«እግሯ ባሰባት እንዴ?»

«ኧረ ተሽሏታል። አሥራ አራት ቀን ምን አላት፣ ጾማ ጸልያ ትመጣለች።»

«እሺ፣ ጸልዪልኝ በያት» አለችና ተራዋ አለቀ።

አሥራ ሁለተኛው ቀን መታሰቢያዋ እንደወጣ ጥቁሬን ለብሼ ወደዚያ ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛዋ ልብሴን አይታ ማን እንደሞተብኝ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከንፈሯን መጠጠች፣ «ነፍስ ይማር» አለች፣ ከልቧ ነው። ከዚያ ፋይሉን ስባ አወጣችና «እንግዲህ ወላጅ በሕይወት ከሌሉ አሻራቸው አያገለግልም፤ ሌላ የቅርብ ዘመድ ቀርቦ እንደ አዲስ መጀመር አለበት» አለችኝ።

እንደ አዲስ። እማዬ ያን ደረጃ በሰው ትከሻ ወጥታ፣ ሁለት ሰዓት ጠብቃ፣ ጣቷን ነክራ የሰጠችው አሻራ ሁለት ወር መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ፣ እሷ ስትሞት እሱም ሞተ። ስጮህ ከሦስተኛው ፎቅ እስከ ምድር ቤት ተሰምቷል። አሻራውን ስትሰጣችሁ በሕይወት ነበረች አልኳቸው። ያኔ ብትፈርሙት ልጇን አይታ ትሞት ነበር አልኳቸው። እዚያ ያሉት ያለ ወንጀል አሠሯት፣ እናንተ ደግሞ ቁልፉን ይዛችሁ ምሳ ትበላላችሁ አልኳቸው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጥበቃ ጠሩብኝ። ጥበቃው መጥቶ ጥቁር ልብሴን አየና «ሐዘንተኛ ላይ እጄን አላነሣም» ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። መጨረሻ ላይ ኃላፊው ራሱ ከክፍሉ ወጣ። ከሰኔ ጀምሮ ያልተራመደው ጉዳይ ያን ዕለት አንድ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። እንደ አዲስ መጀመር የሚባለውም ቀረ፤ ፊርማ እኮ ነው።

ደብዳቤው ከዚህ ወጣ እንጂ እዚያ ደርሶ ስሟ ዝርዝር ውስጥ እስኪገባ ሌላ ከአንድ ወር በላይ ፈጀ። እሷም በየሳምንቱ መደወሏን አልተወችም፣ እኔም መዋሸቴን። ሁለቱ ሱባዔ ሲያልቅ «እማዬ ወጣች?» አለችኝ። «ደስ ብሏት አንድ ሱባዔ ጨመረች» አልኳት። በሳምንቱ «አሁንስ?» አለች። «አንድ ሌላ ጨመረች፤ እግሯ ጎድሎላታል እኮ፣ በራሷ ነው የምትሄደው» አልኳት። ውሸት ሲለምዱት ያምራል፤ እብጠቱ የጎደለ እግር ሳይቀር አሳየኋት። ድምጿ ግን እየሰለለ መጣ። ምን ሆነሽ ነው ስላት «ምንም፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው» ትላለች።

በአራተኛው ሳምንት የደወለችው እሷ አልነበረችም። የማላውቃት ልጅ ናት፣ በሹክሹክታ ታወራለች። «እህትሽ ዛሬ ወድቃ ነበር። ሐኪም ጥሩልን ብለን በሩን ብንደበድብ ነገ አሉን። አሁን ነቅታለች፣ አትደንግጪ» አለችኝና ተቋረጠ። አትደንግጪ ትለኛለች። ያን ቀን የሰው ሥራ ሁሉ አቁሜ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለመብት ተሟጋቹም፣ ለሬዲዮ ጣቢያውም፣ ለማውቀውም ለማላውቀውም ጻፍኩ። «እህቴን በረሃብ እየገደሏት ነው» አልኩ። አንድም «በትሕትና» የለበትም። አንዱ መለሰልኝ፤ ጉዳዩን ተቀብለናል ይላል።

ታኅሣሥ ውስጥ መጣች። አውሮፕላን ማረፊያ ልንቀበላት የሄድነው እኔና አጎቴ ነን። ጥቁሬን አውልቄ የጎረቤት ቀይ ሹራብ ለብሻለሁ። በሩ ተከፍቶ ሴቶቹ ሲወጡ ጥቁር ፌስታል የያዘች አንዲት አሮጊት መሰለችኝና ዓይኔን አሳልፌ ከኋላዋ እህቴን ፈለግኩ። እሷ ነበረች። ሳቅፋት ክንዴ ውስጥ የገባው አጥንት ብቻ ነው። እዚያው ቆሜ ረገምኳቸው፤ እጃቸው ይድረቅ፣ የሰው ልጅ አስርበው የበሉት እንጀራ አይውረድላቸው አልኩ። አጎቴ «በቃ፣ ሰው ይሰማል» አለኝ።

መኪናው ወደ ፉሪ ሲታጠፍ «ወደ ቤት አይደለም እንዴ?» አለች። «እናትሽ እኔ ጋ ናት» አላት አጎቴ። ደርሰን ስትገባ ደግሞ «ሰንበቴ ሄዳ ነው፣ እዚያው ታድራለች፣ ጠዋት ትመጣለች» ተባለች። ጓዳ አስገቧት። ሁለት አክስቶቼ በሩ ላይ በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ ማንም ገብቶ ሳያስበው «እግዜር ያጽናሽ» እንዳይላት ነው። እዚያ የተዋወቀቻት ልጅ እናት ጋ ልደውል ብላ ስልኬን ለመነችኝ፤ ባትሪ የለውም አልኳት። ደጅ ወጥቼ ትንሽ አየር ልውሰድ አለች። ታላቂቱ አክስቴ «ነገ የኔ ልጅ፣ ነገ» አለቻት። ይህን ስሰማ የዘበኞቹ «ነገ» ትዝ አለኝ፤ ግን በሩን ልቀቁላት አላልኩም። እኔ፣ አፌ የማያርፈው።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ነጫቸውን ለብሰው ገቡ። እሷ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብላ ነበር፤ የተኛች አትመስልም። አጎቴ «ልጄ፣ እንግዲህ እግዚአብሔር የሰጠውን…» ብሎ ሲጀምር ሴቶቹ አላስጨረሱትም፣ እዬዬው ቀለጠ። ሁለቱ አክስቶቼ በግራና በቀኝ ክንዷን ያዙ። ልክ እንደተባለው ነው፤ ደጋፊ ሞልቷል፣ አልቃሽ ሞልቷል። እሷ ግን አላለቀሰችም። ዓይኗ በሰዉ መሐል እኔን ፈለገ።

«መቼ ነው?» አለችኝ።

«ተይው አሁን ልጄ» አለ አጎቴ።

«ጥቅምት፣ በገባ በሳምንቱ» አልኳት።

ስታሰላው አየኋት። «የጎረቤት ሰርግ ያልሽኝ?»

«ሠልስቷ ነበር።»

«ጠበል ገባች ያልሽኝስ?»

«ተቀብራ ነበር።»

ለቅሶው ትንሽ ቀዘቀዘ፤ ሰዉ መስማት ጀመረ። ክንዷን ከአክስቶቼ እጅ ቀስ ብላ አላቀቀች።

«እኔ እኮ አብሬያት ጾምኩ» አለች። «እማዬ ጠበል ላይ ጾማ እኔ አልበላም ብዬ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ዳቦው የሚመጣው ጠዋት ነው፤ ማስቀመጥ አይቻልም። ለአንዲት ነፍሰ ጡር እሰጣት ነበር። ሁለት ሱባዔ ይበቃኛል ብዬ ነበር። አንድ ጨመረች ስትዪኝ እኔም ጨመርኩ። ሌላ ስትዪኝ ሌላ ጨመርኩ። እግሯ ጎደለ ስትዪኝ ደግሞ፣ ሰማኝ፣ ጾሜን ተቀበለልኝ ብዬ አለቀስኩ።»

ከመቶ ጊዜ በላይ አስቤዋለሁ። ያለ ዳኛ የዘጉባት ሰዎች፣ ወድቃ ሐኪም የነፈጓት ዘበኞች፣ የእናቴን አሻራ መሳቢያ ውስጥ ያሳደሩት፤ ለአንዳቸውም ይቅርታ የለኝም፣ የእኔ ጥፋት የእነሱን አንዲት ስንዝር አይቀንሰውም። እማዬ ስትሞት ልጇ እዚህ መሆን ነበረባት። ግን በረሃብ እየገደሏት ነው ብዬ ለዓለም ስጽፍ ጠዋት ጠዋት ዳቦውን ከእጇ የምቀማት እኔ ነበርኩ። በየሳምንቱ፣ በሦስት ደቂቃ ስልክ፣ ለእሷ ብዬ።

አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ «ለአንቺ አዝነን ነው ልጄ፣ እንዳትጎጂብን ነው» አላት። ዞር ብላም አላየችው።

«እዚያ ሰባት ወር ሊሞላኝ ነበር» አለችኝ። «ለምን እንደያዙኝ፣ መቼ እንደምወጣ አንድ ቀን የነገረኝ የለም። እነሱ ባዕድ ናቸው፤ ምን እላቸዋለሁ? አንቺ ግን እህቴ ነሽ። አንቺ ምን ሆነሽ ነው?»

አጎቴ ይቅር በያት ብሎ ጀመረ። እሷ እኔን እያየች መልሴን ጠበቀች።